መቶ በመቶ ዝናብ

የማህበራችን ሙሉ ስም «የንብረት ቁጥጥር መምሪያ ጡረተኞች የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ ማህበር» ይባላል። ስሙን አንብቦ ለመጨረስ ራሱ ስንቅ ያስፈልጋል። ከስሙ አልፈን ግን ላለፉት አራት ዓመታት ረጅሙ ቀርቶ አጭር ርቀት እንኳ ሄደን አናውቅም። ማክሰኞና ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣ ስለ አየር ሁኔታ እንወያያለን፣ ከዚያ ታክሲ ተሳፍረን ወደየቤታችን እንገባለን። እኔ ጸሐፊው ነኝ።

መንገዳችን የታወቀ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ከመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ ተነስቶ ተራራው ላይ ይወጣል፣ አራት ቀን በተራራው ጀርባ ይሄዳል፣ በአምስተኛው ቀን ጉልበት የሚፈታ ቁልቁለት ወርዶ ሜዳውን ያቋርጥና ሐይቁ ዳር ያበቃል። ችግሩ ጊዜው ነው። በትንሹ ዝናብ ማብቂያና በትልቁ ዝናብ መግቢያ መካከል ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት የሚሆን ደረቅ ክፍተት አለ። ቀድሞ የሄደ ጭቃ ይይዘዋል፤ ዘግይቶ የሄደ ጎርፍ ይጠብቀዋል። ዋናው ሥራ ክፍተቷ መቼ እንደምትመጣ ማወቅ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት በመጨረሻው ጉዟችን፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከተራራው ማዶ አንድ ደመና ብቅ አለ። ሁሉም ቆሞ አየው። እኔ፣ ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ «ይሄ ያልፋል» አልኩ። አላለፈም። ውሃ ሆነን ተመለስን፤ ሦስት ሰው ጉንፋን ያዘው፣ የሰብሳቢያችን ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ገደል ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻይ ጠጥቶበት፣ ስቆበት ይረሳው ነበር። እኛ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ የጎደለ ዕቃ ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነንና አጣሪ ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴው ስምንት ወር አጣርቶ «ደመናው ያልፋል በማለት ለደረሰው ጉዳት ምክንያት የሆኑት የማህበሩ ጸሐፊ ናቸው» ሲል ሪፖርት አቀረበ። ደመናው በነፃ ተለቀቀ። ሪፖርቱን በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ።

ከዚያ ወዲህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። ማንኛውም ጉዞ ቁጥርና ማህተም ያለው የአየር ሁኔታ ማስረጃ ሳይቀርብ አይጀመርም ይላል። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ የሚሰጥ ሰው በምድር ላይ እንደሌለ የገባን ከጸደቀ በኋላ ነው። ገብቶንም ማንም አልከፋውም። ዝናብ የመታው ሰው አንዴ ታሞ ይድናል፤ ስሙ ሪፖርት ላይ የሰፈረ ሰው ግን አይድንም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአየር ሁኔታ ጉዳይ የተሰጠው ለሦስት ሰዎች ነው። አንደኛው ሰብሳቢው ናቸው፤ ሳይፈርሙ ሠላሳ ዓመት ኃላፊ ሆነው የኖሩ ብልህ ሰው። ሁለተኛው «ድምር» ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ከመጋዘን መጋዘን ሲዞር የኖረ ነው። እውነትም ሆነ ውሸት፣ ቁጥር ከተደመረና ከገጠመ ለእሱ በቂው ነው። ሦስተኛው «ባለ ስልኩ» ነው። ስልኩን የላከችለት ውጭ አገር ያለች ልጁ ስትሆን፣ የአየር ትንበያውን እሷ ያለችበት ከተማ ላይ እንደተወችው ረስታ ነው የላከችው። እሱም ሳያውቅ አንድ ወቅት ሙሉ «በረዶ ይጥላል» እያለ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው የሱፍ ካልሲ አስገዝቷል።

የምንሰበሰበው በቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ ራሳችን የለጠፍናቸው የንብረት ቁጥሮች አሁንም አሉ፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን ቁጥር ፈልገን ነው የምንቀመጠው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከተራራው ጫፍ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ያሳያል። ግን ፀሐይ የሰብሳቢውን ዓይን ስለምትወጋ ስለ ሰማይ የምንወያየው መጋረጃ ዘግተን ነው።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እስካሁን «እታለም» እላታለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛ ስትሠራ አንዲት ብሎን ጎድሎባት አያውቅም። ከማህበራችን አባላት ሁሉ መሄድ የምትወደው እሷ ብቻ ናት ብል ማንንም አላማሁም። ስድስት ጊዜ ያንን መንገድ ጀምራለች፤ ስድስቱንም ጊዜ ከአራተኛው ቀን ተመልሳለች። አንዴ የአንዱ ቁርጭምጭሚት፣ አንዴ የሌላው ሆድ ቁርጠት፣ አንዴ ደግሞ የእኔው ደመና። የተራራውን ጀርባ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ሐይቁን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ዘንድሮ ጉልበቷ አልቻለም። ሐኪሙ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሎ ቀን ቆረጠላት። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ከዚያ በኋላ መሄድ እችላለሁ?» አለችው።

«ቤትዎ፣ ገበያ፣ ሜዳ መንገድ፣ ምንም አይሉም። የተራራ ቁልቁለት የሚባለውን ነገር ግን ይርሱት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ዳግመኛ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዚህ የባሰ አይጎዳም። ቀስ ብለው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ቁልቁለቱ ላይ ክንድዎን የሚይዝ ሰው ካለ ይሂዱ። ለብቻዎ ግን አይሞክሩት።»

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች። «ክንድ ተገኝቷል» አለችና ሳቀች። ቀጠሮዋ ክፍተቷ በምታልቅበት ሰሞን ነበር የዋለው። ሐይቁን ዘንድሮ ካላየችው መቼም አታየውም ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ሰብሳቢያችን ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። «ከተጠቀሰው ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ቀናት ዝናብ እንደማይዘንብ በማህተም አረጋግጣችሁ እንድትልኩልን» ይላል። መልሱ በወሩ መጣ። እዚያ ያለው ሰው ጨዋ መሆን አለበት፤ ሳይስቅብን መለሰልን። በመጪዎቹ ሦስት ወራት ከመደበኛ በላይ ዝናብ የማግኘት ዕድል አርባ አምስት በመቶ፣ መደበኛ ዝናብ ሠላሳ አምስት በመቶ፣ ከመደበኛ በታች ሃያ በመቶ ነው ይላል። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ ማህተሙም አልደበዘዘም።

ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩ። ድምር እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«አርባ አምስትና ሠላሳ አምስት ሰማንያ» አለ። «ሰማንያና ሃያ፣ መቶ።» ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «ገጥሟል።»

«ምኑ ነው የገጠመው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዝናቡ። ከመደበኛ በላይ ዝናብ፣ መደበኛ ዝናብ፣ ከመደበኛ በታች ዝናብ። ሦስቱም ዝናብ ናቸው። ሦስቱን ስንደምር መቶ በመቶ ይመጣል። ‹አይዘንብም› የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ።»

ባለ ስልኩ ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን ተቀብለው በመነጽራቸው ላይና ታች አዩት።

«እኔ በሥራ ዘመኔ» አሉ፣ «ይህን ያህል ግልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።»

ሳቄን ዋጥኩት። ደብዳቤው ምን እንደሚል ገብቶኛል። ይህን የሚመስሉ መቶ ዓመታት ቢኖሩ በአርባ አምስቱ ዝናቡ ይበዛል፣ በሃያው ያንሳል ነው የሚለው፤ ያውም በሦስት ወር ተደምሮ። በመካከሉ ሁለት ሳምንት ደረቅ ይሁን እርጥብ አልተናገረም። ግን እጄን አላወጣሁም። ከኋላ ወንበር እህቴ ተነሳች።

«ደብዳቤው ስለ ሦስት ወር ነው» አለች። «እኛ የምንፈልገው ዘጠኝ ቀን ነው።»

«ስለ ዘጠኙ ቀን በጽሑፍ የቀረበ ነገር አለዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

«መስኮት አለ። መጋረጃውን ግለጡትና እዩት። በየቀኑ ጠዋት እንየው፤ ሦስት ቀን ጥርት ካለ እንነሳ። ድሮም መንገደኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

«መስኮት ማህተም የለውም» አሉ ሰብሳቢው፤ ቀልዳቸውን አልነበረም።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፍቼ ቃለ ጉባኤዬን መጻፍ ቀጠልኩ። ማየት የሚፈልግ ካለ አሁንም መዝገቡ ላይ አለ፤ «አንዲት አባል ስለ መጋረጃው አስተያየት ሰጥተዋል» ብዬ ነው የጻፍኩት። ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍ በአሥራ ስምንት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ከአሥራ ስምንቱ አንዱ የእኔ እጅ ነው።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ አሳንሰር የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትወርድ አገኘኋት። ጀርባዋ ላይ ስድስት የውሃ ጠርሙስ የያዘ ቦርሳ አዝላ፣ መደገፊያውን ይዛ፣ አንድ አንድ ደረጃ ትወርዳለች። ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ እንዲህ ትለማመዳለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ቤት ልትቀይር መስሏት «ልጆቼ ያግዙዎት» ብላት ነበር።

«ደብዳቤውን አንብበኸዋል» አለችኝ፣ ሳትቆም።

«አንብቤዋለሁ።»

«የድምር ሂሳብ እጅ እግር የሌለው መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ምን ልበላት? የስምንት ወሩን ነገር ታውቀዋለች። «ማክሰኞ እናገራለሁ» አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ መውረዷን ቀጠለች። ያመነችኝ መሰለኝ፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ማክሰኞ እጄን አወጣሁ። «ስለ ደብዳቤው ድምር ትንሽ ማብራሪያ…» ከማለቴ ሰብሳቢው በትሕትና ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «በጽሑፍ ያቀርቡታል? በስምዎ? ከፊርማዎ ጋር?» ድምር እርሳሱን ወደ ጆሮው መልሶ አየኝ። ሁሉም አየኝ። በአሥራ ስምንቱም ፊት ላይ ያ ደመና ሲያንዣብብ ታየኝ። «አይ፣ እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ተቀምጬም «ጸሐፊው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ተናግረዋል» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት ትንሹ ዝናብ ቆመ። ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ይመስል ነበር። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ አባላቱ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ባለ ስልኩ ላስቲክ ጫማ አድርጓል። መንገድ ላይ አቧራ ይቦናል፣ እነሱ ጃንጥላ አንጠልጥለው በመካከሉ ያልፋሉ። አንድ የታክሲ ረዳት «አባባ፣ የት አገር ነው የሚዘንበው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሰብሳቢው በኩራት «በማህተም የተረጋገጠ ነው» ብለው መለሱለት።

ከስብሰባው ስወጣ እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የተራራ ጫማዋን አድርጋለች፤ ገመዱን አጥብቃ አስራለች።

«ሦስት ቀን ጥርት አለ» አለች። «ማህበሩ ይቅር። አንተና እኔ ነገ ጠዋት እንነሳ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረን ተመልሰናል። ለቀጠሮዬም እደርሳለሁ።»

«ከዘነበስ?»

«እንበሰብሳለና።»

«አንቺ እንዲህ በይ። በኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«በማን?»

ስንት ዓመት በዚያ ሪፖርት ስንገበገብ ኖሬ፣ ማን እንደሚጠይቀኝ አስቤው አላውቅም። የአሥራ ስድስት ጡረተኛና የአንድ ሰብሳቢ ጥያቄ፣ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ፣ በተዘጋ መጋረጃ ውስጥ። ያ ነው ያስፈራኝ። አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ክንድ ስጠኝ ስትለኝ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ማክሰኞ ያለውን ስብሰባ ልይና» አልኳት።

እህቴ ሰው የምትለምን ሴት አይደለችም። ጫማዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም ለብቻዋ ወደ ታክሲው ሄደች። ማክሰኞ ስብሰባው ላይ አልመጣችም። ደውዬላት «ትንሽ ቀን እንታገስ፣ ሁኔታውን እንከታተል» አልኳት። «ተከታተል» አለችና ዘጋችው።

ተከታተልኩ። በየቀኑ ጠዋት ተነስቼ መስኮት ላይ እቆማለሁ። መጀመሪያ ላይ ለእሷ ብዬ ነው የማየው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በሰባተኛው ደረቅ ቀን ግን እውነቱ ወጣ፤ ደመና ነው የምፈልገው። አንዲት ደመና፣ እፍኝ የምታህል ብትሆንም። ከዘነበ ልክ ነበርኩ ማለት ነው፤ ፈሪ ሳልሆን አስተዋይ ነበርኩ ማለት ነው። በዘጠነኛው ቀን ልብስ አጥቤ ሰጣሁ፤ ልብስ ሲሰጣ ይዘንባል ብዬ ነው። በሁለት ሰዓት ደረቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሐይቁ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር ፌርማታው ላይ ሲያወራ ሰማሁት፤ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ወቅት አይቼ አላውቅም ይላል። ሾፌሩን ጠላሁት።

ክፍተቷ አሥራ ስምንት ቀን ሆነች። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እህቴን ሐኪም ቤት አስገቧት። የወሰዳት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ልጅ ነው፤ እኔ ቅዳሜ ስብሰባ ነበረኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ ዘነበ። ስልክ ተደዋውለን ያለ ወትሮው ሰኞ ተሰበሰብን። አባላቱ ሁሉ ከሕንጻው መግቢያ ታዛ ሥር ቆመው ነበር። ሰብሳቢው እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው አረጠቡና ለሁላችን አሳዩን፤ ተጨበጨበ። ድምር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ብዬ ነበር፣ መቶ በመቶ» ይላል። ባለ ስልኩ አቀፈው። እኔንም ሰው አቀፈኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በደግ ዓይን አየኝ፤ እና መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ፎቅ ወጥተን ለሦስቱ የአየር ሁኔታ ኃላፊዎች የምስጋና ወረቀት፣ ለታመመችው አባላችን ደግሞ የመልካም ምኞት ደብዳቤ እንዲጻፍ ወሰንን። ሁለቱንም አረቀቅሁ። ሰብሳቢው «እኔ መፈረም አልችልም፣ እርስዎ ይፈርሙበት» ብለው ማህተሙን ብቻ መቱበት።

ሐኪም ቤት የደረስኩት የጠያቂ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው። ኮቴ ውሃ ያንጠባጥባል። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ እህቴ በር አጠገብ ያለው አልጋ ላይ፣ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ኮቴን አየች።

«ዘነበ እንዴ?»

«ዛሬ ጀመረ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለች።

ደብዳቤውን ከኪሴ ላላወጣው ነበር፤ የፖስታው ጫፍ ግን ብቅ ብሎ ኖሮ አየችው። «ከማህበሩ ነው? አንብብልኝ፣ መነጽሬን አልያዝኩም» አለችኝ። አነበብኩላት። ‹ማህበሩ በወሰደው ጥንቃቄ የተሞላበት እርምጃ ከከባድ ዝናብ አደጋ በመትረፍዎ የተሰማንን ደስታ እየገለጽን፣ ቶሎ እንዲያገግሙ እንመኛለን።› ጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ሴትዮ «እግዜር ይስጣቸው፣ እንዴት ያለ ደግ ማህበር ነው» አለች።

«ማን ጻፈው?» አለች እህቴ።

«እኔ።»

«ፈርመህበታል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

«ደረቁ ስንት ቀን ሆነ በመጨረሻ?» አለችኝ።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት» አለች። «ዘጠኝ ይበቃን ነበር።»

በዚህ መሀል ነርሷ ገባች። የጠያቂ ሰዓት ማለቁን፣ ከዚህ በኋላ መቆየት የሚችለው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ መሆኑን ለክፍሉ ሁሉ ተናገረችና እኔ አጠገብ ቆመች።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችኝ።

አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«የማህበራችን ጸሐፊ ናቸው» አለች። «ሊሄዱ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።